የአባባ ጨረቃና ሰባራው ድልድይ

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቢቸና

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጠን። አባባን ክንዳቸውን ይዤ በረንዳው ላይ አስቀመጥኋቸውና ጋቢያቸውን ደረብሁላቸው። ደመናው ተገልጦ ጨረቃ ሙሉ ሆና ወጣች። አባባ የቀረች ግራ ዓይናቸውን አጥብበው፣ የተማሪ ቅኔ እንደሚያደምጡ ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ጠርዟ ሟሙቶብኛል» አሉ በመጨረሻ። «ግን እሷው ናት።»

ጨረቃን መውደድ የተማርሁት ከእሳቸው ነው። ሌሎች አባቶች ልጆቻቸውን ገበያ ይወስዳሉ፤ የእኔ አባት፣ የቅኔው መምህር መሪጌታ ወልደ ኪዳን፣ እጄን ይዘው ወደ ደጅ ያወጡኝና «እስኪ ዛሬ ምን መስላለች?» ይሉኝ ነበር። ማጭድ እላለሁ፤ «ሌላ» ይላሉ። የተቆረሰ ዳቦ እላለሁ፤ «ሌላ» ይላሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ስንቀር እንኳ ይህን አልተውንም።

ቀኝ ዓይናቸውን የዓይን ግፊት ከወሰደው ቆይቷል። ባሕር ዳር ያሳከምኋቸው ጊዜ ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን ጠብታው ይጠብቀዋል። አንድም ማታ እንዳታሳልፉ» ብሎኝ ነበር። አላሳለፍንም። እስከ ዛሬ አላሳለፍንም።

የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ቁልፍ በእኔ እጅ ስለሆነ ሰው ሁሉ «የንጋት አባት መድኃኒት አይቸገሩም» ይላል። መደርደሪያው ባዶ መሆኑን ማን ይንገራቸው? መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። የመድኃኒት መኪናው ደጀን ደርሶ ተመለሰ ከተባለ ወዲህ ወሬውም ጠፋ። ማን ዘጋው፣ ማን ከፈተው የሚለውን እዚህ አልጽፍም።

የቀረው የዓይን ጠብታ ሁለት ብልቃጥ ነበር። አንዱን ለአባባ አመጣሁ፣ አንዱን ለይርጋነሽ ሰጠሁ። ይርጋነሽ ገበያው ዳር የስፌት መኪና ዘርግታ ልብስ የምትሰፋ፣ ባሏ የሞተባት ወጣት ናት። ሕመሟ የአባባ ዓይነት ነው። በዚህ ዕድሜ የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው ይባላል፤ ከጥቂቶቹ አንዷ እሷ ሆነች።

ሐምሌ 9

ሩጫ። ወባ፣ ተቅማጥ፣ የልጆች ሳል። ለግማሹ ሰው የምሰጠው «የለም» የሚል ቃል ብቻ።

እንድሪስ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። የዓይን ነርሳችን ነው፤ ከወሎ ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። «መሪጌታን አምጪልኝ እንጂ፤ ግፊታቸውን ልለካላቸው» አለኝ። «ዝናቡ ጋብ ሲል» አልሁት። እውነትም ጭቃው አያስኬድም።

ሐምሌ 16

ዛሬ ጨረቃ የለችም። ጨረቃ በሌለችበት ማታ አባባ ስለ ሰባራ ድልድይ ነው የሚያወሩኝ።

ቤታችን ውስጥ የድልድዩ ሥዕል የለም፤ ፎቶም የለም። እኔ ግን ከዚህ ቤት ግድግዳ ይልቅ እሱን አውቀዋለሁ። አባባ የተወለዱት ከሞጣ ወዲያ፣ ዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ድልድዩ የጥንት ነገሥታት ሥራ ነው፤ ድንጋይ በኖራ እየተያያዘ፣ ቅስት በቅስት ላይ እየተደገፈ ዓባይን የሚሻገር። በጦርነት ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሻገረው በገመድ እየተሳበ ነበር፤ ጥቂቶች በዚህኛው ጫፍ፣ ጥቂቶች በዚያኛው ጫፍ ቆመው ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ባዶው ላይ ይንጠለጠላል።

አባባ ቅኔ ፍለጋ ወደ ማዶ የተሻገሩት ገና ጢም ሳያወጡ ነው። ገበያ የዋሉ ሰዎች አምሽተው ስለተመለሱ አባባ ተራ ሲጠብቁ መሸባቸው፤ ጨረቃ ወጣች።

«መካከል ላይ ስደርስ ገመዱ ቆመ» አሉኝ ዛሬም፣ ሰምቼው እንደማላውቅ ሁሉ። «ሰዎቹ እጃቸውን ሊያሳርፉ ነው። ወደ ላይ አየሁ፤ ጨረቃ። ወደ ታች አየሁ፤ ውኃው ላይ ሌላ ጨረቃ። እኔ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥያለሁ። መፍራት ሲገባኝ ምን አልሁ መሰለሽ? ይህን የሠራ ሰው ይህን ሳያይ ሞተ! ድልድዩ ሙሉ ሳለ ማንም እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ታች አይመለከትም ነበር። ሁሉም ያልፋል።»

«አልፈሩም ነበር?» አልኋቸው፣ እንደ ሁልጊዜው።

«በኋላ ነው የፈራሁት። ማዶ ከደረስሁ በኋላ ድንጋዩን አቅፌ ተቀመጥሁ። ገና የቀን ሙቀቱ ነበረበት። ግድግዳ ሳይሆን የከብት ጎን ያቀፍሁ ነው የመሰለኝ።»

ለእኔ ድልድዩን ለማሳየት ቃል የገቡልኝ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። አንድ ጊዜ ገንዘብ ሲጠፋ፣ አንድ ጊዜ እናቴ ስትታመም፣ በኋላም እኔ ሥራ ስይዝ እየተላለፈ ቀረ። ቢቸናና ሞጣ ሩቅ ሆነው አይደለም። አሁን መንገዱ ሲከፈት ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ሞጣ ላይ እንወርዳለን ተባብለናል፤ መጀመሪያ ድልድዩ፣ ከዚያ ሐኪሙ።

ሲከፈት።

ነሐሴ 4

ጠብታው አለቀ። ዛሬ ጧት ብልቃጡን በምላጭ ሰንጥቄ አየሁት፤ ውስጡ ጥርግ ብሏል።

ስልክ የለም። ኔትወርኩ ከጠፋ ሰንብቷል። ወደ የጁቤ በቅሎ ይዞ ለሚሄድ ነጋዴ እዚያ ላለችው የሥራ ባልደረባዬ መልእክት ላክሁ። ወደ ግንደወይንም ላክሁ፤ ደብረ ኤልያስ የሚያልፍ ሰው ካለ ጠየቅሁ። ሰዎቹ ራሳቸውን ማድረሳቸውን እንጃ።

አባባ ዛሬም «ጠብታውን አታደርጊልኝም?» ብለው ጠየቁ። «ከነገ ጀምሮ ነው» አልሁ። ምን ማለቴ ነው? እኔም አላወቅሁት።

ነሐሴ 12

በጥድፊያ። አባባ ሱባዔ ገብተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለችው ጎጆ። ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ነው የምመለሰው። ዛሬ የሰጠኋቸው ሽምብራ ከእጃቸው ስቶ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሲለቅሙ አየኋቸው፤ መዳፋቸውን መሬት ለመሬት እየሳቡ።

ጾሙ አድክሟቸዋል። ጾም ዓይን ያደክማል። የታወቀ ነው።

ሌሊቱን ተኩስ ነበር፤ አልተኛሁም።

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ። አባባ የአስናቀችን ክንድ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። አስናቀች በአንድ አጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ናት፤ አፏ አያርፍም እንጂ ልቧ ደግ ነው። «መሪጌታን መንገድ ላይ አግኝቻቸው ነው» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆማ አየችኝ። የምትለው ነገር ያለ መሰለ፤ ሳትለው ሄደች።

አመሻሹን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። «ዛሬ ጨለማ ነው አባባ፤ አልወጣችም» አልሁ።

«እንግዲህ ዛሬ እኔም አንቺም አንድ ነን» አሉና ሳቁ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። የቅኔ መምህር ልጅ ሆኖ ማደግ ይህ ነው፤ አባት የተናገረውን ሁሉ ሰሙን ከወርቁ ልለይ ካልሁ መኖር አልችልም።

ነሐሴ 23

ከየጁቤ መጣ! አንድ ብልቃጥ። በቅሎ ጭነት ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዝናብ ሳይነካው። ባልደረባዬ ወረቀት አስይዛለች፦ «ለጤና ጣቢያችሁ። ከዚህ ሌላ የለኝም።»

ለጤና ጣቢያችሁ።

ወደ ቤት አመጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ይርጋነሽ መጥታ ነበር። ነጠላዋ በዝናብ ረጥቧል። «ማታ የፋኖስ መብራት ሳይ በዙሪያው ቀስተ ደመና ይሠራል፤ ጧት ራሴን ይወጋኛል። ጠብታው መጣ እንዴ?» አለችኝ በመስኮቱ።

«አልመጣም» አልኋት።

«እሺ» አለች። «አንቺ ምን ታደርጊ።»

ማታ ለአባባ ጠብታውን አደረግሁላቸው። አገጫቸውን ይዤ፣ ግንባራቸውን ደግፌ፣ ዓይናቸውን በጣቴ ከፍቼ። እንደ ሕፃን ፊታቸውን ሰጡኝ። «እጅሽ ሞቃት ነው» አሉ።

እሳቸው አንድ ዓይን ነው የቀራቸው። ይርጋነሽ ሁለት አላት። ደግሞ ወጣት ናት፤ መንገዱ ቢከፈት ሮጣ ትሄዳለች። እንዲህ አድርጌ ባስበው ልክ ነው። ልክ ነው።

ነሐሴ 28

ጨረቃ እየሞላች ነው። «ታየችዎ አባባ?» አልሁ።

«ከእሷ ሌላ ምን አያለሁ ንጋቴ?»

ደስ አለኝ። ጠብታው ሠራ ማለት ነው።

አስናቀች ከአጥሩ ወዲያ ለእህቷ ስታወራ ሰማሁ፦ «እጄን ፊታቸው ላይ እንዲህ እንዲህ ባደርግ ሽፋሽፍታቸው አልተንቀሳቀሰም። ልጅቱ አልገባትም፤ ወይም ገብቷታል።» እህቷ ምን እንዳለች አልተሰማኝም።

ሰው ወሬ ይወዳል።

እንድሪስ ዛሬም ጠየቀኝ። «ለዘመን መለወጫ ሥራ ሲቀል» አልሁት። «ሥራ መቼ ይቀላል?» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጳጉሜ 2

እሑድ ነው።

ራት ሳንበላ ከመንገዱ ጩኸት ተሰማ። ተኩስ መስሎኝ መብራቱን አጠፋሁ። አስናቀች በሩን መታችው፦ «ውጡ! ጨረቃዋን እዩ!» አባባን ይዤ ወጣሁ። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ነው። የሰዓት እላፊውን ሁሉም ረስቶታል። ደመናው ስስ ነበር፤ በመካከሉ ጨረቃዋ ቀስ በቀስ ተበልታ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ቀላች። እንደ ደም የሚሉት አለ። እኔን የመሰለኝ የጋለ ማረሻ ሊቀዘቅዝ ሲል ያለው መልክ ነው። አንዲት ሴት «እግዚኦ» እያለች መሬት ላይ ተደፋች። ሌላው ስልኩን ወደ ሰማይ ቀስሮ ያነሣል። እኔ አንጋጥጬ አየኋት። ስንት ዘመን የወደድኋት፣ አሁን የማላውቃት ሆነች። ውበቷ አስፈራኝ። ማንም ምንም ሊያደርግላት አይችልም፤ ቆሞ ከማየት በቀር።

ያን ጊዜ አባባ ፊታቸውን ቀና አደረጉ። ወደ እሷ አልነበረም፤ ወደ ማድ ቤቱ ጣራ ነበር። ፈገግ አሉ።

«ዛሬስ ምን ያህል ነጣች!» አሉ ጮክ ብለው። «ወተት መሰለች እኮ!»

አጠገባችን ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። አስናቀች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሁሉም እኔን አየ።

«አዎ አባባ» አልሁ። «ነጭ ናት።»

ጳጉሜ 4

የድሮዋን አስታውሰው ነው። ሽማግሌ ሰው የድሮውን ከአሁኑ ይቀላቅላል። ደግሞ ደመና ነበር። ደመና ውስጥ ሁሉም ነገር ነጭ ይመስላል።

ይርጋነሽ መጣች። «አለ?» «የለም።» ሄደች። ስትሄድ የበሩን መቃን በእጇ ነክታ ነው የወጣችው።

ማታ ጠብታውን አደረግሁ።

መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከየት ልጀምር?

ይርጋነሽ ቤት ድረስ መጣች። አባባ ለመስቀል የሚለብሱትን እጀ ጠባብ ሰፍታላቸው ነበር። ልኩን ስታስተካክል አባባ በጣታቸው ስፌቱን እየዳሰሱ፣ «እዚህ ትከሻው ላይ ትንሽ ዘሟል፤ እንዲህ አትሰፊም ነበር» አሏት፤ ለቀልድ ነው።

«ክሩን ከመርፌው የምታስገባልኝ ልጄ ሆናለች መሪጌታ» አለች። «ስፌቱንም በጣቴ ነው የምከተለው። ጠብታው ከጠፋ ወዲህ ዳር ዳሩ እየጨለመ መጣብኝ። ንጋት ምን ታድርግ፤ ለሁላችንም ነው የጠፋው።»

አባባ ይርጋነሽን መርቀው ሸኟት። የእግሯ ኮቴ እስኪርቅ ድረስ ጠበቁ።

«ንጋት» አሉኝ። ንጋቴ አላሉም። «ማታ ማታ ዓይኔ ውስጥ የምታደርጊው ምንድን ነው? ውኃ ነው?»

«መድኃኒት ነው አባባ።»

«ለዚያች ልጅ የለም ያልሻት?»

ዓይኔ ወደ ብልቃጡ ሄደ።

«በሞተ ዓይን ላይ ታፈስሻለሽ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት። «በፍልሰታ ነው። ኪዳን ሊደርስ ተነሣሁ። ነጋ አሉ፤ ለእኔ አልነጋም። ቆይ ይነጋል ብዬ ተቀመጥሁ። ቅዳሴ ገባ፣ ወጣ። አልነጋም።»

ጮህሁ። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ለምን አልነገሩኝም? በየማታው እየጠየቅሁዎት! ታየችዎ ወይ እያልሁ!»

«የጠየቅሽኝ ስለ ጨረቃዋ ነው። ስለ እኔ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሸቴን ነው። አልነግርሽም ነበር። መጀመሪያ አንቺን እንዳላስደነግጥ ብዬ ነው። በኋላ ደግሞ... ማታ ማታ ፊቴን ስትይዢኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

ተቀመጥሁ። እግራቸው ሥር ነው የተቀመጥሁት። «ያን ማታ ቀይ ነበረች» አልኋቸው።

«አውቄያለሁ። ሁላችሁም ዝም ስትሉ አወቅሁ። አንቺ ነጭ ናት ስትዪኝ ደግሞ አንቺም እንደምታውቂ አወቅሁ።»

አላውቅም ነበር። ብዬ ልጽፍ ነበር። ደብተሩ የእኔ ነው፤ ማንም አያየውም። ሆኖም እጄ እምቢ አለኝ።

መስከረም 10

ቅዳሜ ገበያ። የቀረውን ብልቃጥ ይዤ ወደ ይርጋነሽ ሄድሁ። የስፌት መኪናዋን ሸራ አልብሳ እቤቷ ነበረች። ከመጣ ጀምሮ እኔ ዘንድ እንደነበር ነገርኋት። ለማን እንዳደረግሁትም ነገርኋት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ነው ያልሁት፤ መጨረሻ ላይ ድምፁ ብቻ ቀረ።

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ፣ ዓይኗ ድረስ አስጠግታ አየችው። ግማሽ እንኳ አይሆንም።

«በዝናብ እየመጣሁ እኮ ነው የጠየቅሁሽ» አለች። «አንቺ ምን ታደርጊ እያልሁ። ለሰውም እንዲያ ብዬ አወራሁልሽ።»

«አዎ።»

«አባቴ ቢሆኑ እኔም አደርገው ይሆናል። አላውቅም። አሁን ግን ሂጅልኝ።»

ሄድሁ።

ለኃላፊዬም ነገርሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል አለኝ፤ ከዚያ «የቀረውን መድኃኒት ሲመጣ እናያለን» ብሎ ሥራዬን እንድቀጥል አዘዘኝ። ባዶ መደርደሪያ ላይ ማን ይሰርቃል?

መስከረም 14

ሁለቱንም እንድሪስ ዘንድ ወሰድኋቸው። ይርጋነሽ ከእኔ ጋር ለመሄድ የፈቀደችው ለአባባ ብላ ነው፤ እጃቸውን እሷ ይዛ መራቻቸው። የሚያይ የማያየውን ይመራል ልል አልችልም። ሁለቱም በዝግታ ነበር የሚሄዱት።

እንድሪስ አባባን በባትሪ እያበራ «ብርሃን ይታይዎታል መሪጌታ?» አላቸው።

«የለም ልጄ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ባትሪውን አጠፋ። ከዚያ መሣሪያውን በጥጥ ሲያጸዳ በጣም ብዙ ጊዜ ቆየ። «ሐምሌ ላይ ባያቸውም ኖሮ እኔም ጠብታ አልነበረኝም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። አላጽናናኝም።

የይርጋነሽ ግፊት ከፍ ብሏል። ጠብታውም ብቻውን አይበቃትም፤ ባሕር ዳር ሄዳ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። «ቶሎ» አለ እንድሪስ። ወደ መስኮቱ እያየ ነው ያለው፤ መንገዱ በዚያ በኩል ነው።

ጥቅምት 22

ተከፈተ አሉ። ሚኒባስ እስከ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው፤ ሰዉ እየተጋፋ ነው። ለአባባና ለእኔ ቦታ ያዝሁ። ባሕር ዳር ያለው ትልቁ ሐኪም ምናልባት ሌላ ነገር ያውቃል። ምናልባት የእንድሪስ ባትሪ ደካማ ነው። ሰውን ተስፋ ከማድረግ ማን ከለከለው?

አባባ ሰምተው ሲያበቁ «እኔ ባሕር ዳር ምን ልሠራ?» አሉ። «ቦታውን ለዚያች ልጅ ስጫት። እኔን ሞጣ ላይ አውርጂኝ፤ እዚያ ድረስ እንጠጋጋለን።»

ከእሳቸው ጋር አልተከራከርሁም። አልቅሼ ግን ነበር። የመጨረሻዋን ምናልባት ነው ያስረከብሁት።

ጥቅምት 24፣ ሞጣ

ደረስን። ሦስታችን በሁለት ወንበር። በየኬላው ወርደን ተፈተሽን። አባባን የፈተሸው ታጣቂ የዳዊታቸውን ማኅደር ከፍቶ አይቶ፣ ተሳልሞ መለሰላቸው።

ሞጣ ላይ ስንወርድ ይርጋነሽ በመስኮቱ እጇን አወጣች። ይዤ ቆየሁ። ይቅር እንዳለችኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም።

«ቢሳካልኝ» አለች ለአባባ፣ «የዚያን እጀ ጠባብ ትከሻ ፈትቼ እሰፋዋለሁ።»

ሚኒባሱ ሄደ። ማታ የአጎቴ ልጅ ሽታሁን ቤት ሆነን ከዚያ ወዲያ መንገዱ እንደገና ተዘጋ ሲሉ ሰማን። ከመዘጋቱ በፊት ይለፉ፣ አይለፉ የሚያውቅ የለም። ስልኩ አይሠራም። አባባ ሌሊቱን ሙሉ ሲጸልዩ ይሰማኝ ነበር፤ ስሟን ሰማሁ።

ጥቅምት 26፣ ሞጣ

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፍ።

ትናንት ከሽታሁን ጋር ተነሥተን፣ አባባን በበቅሎ አስቀምጠን፣ ገደሉ አፋፍ አጠገብ ዘመድ ቤት አደርን። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጨረቃዋ ሞልታ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃለች፤ ምሥራቁ ደግሞ መቅላት ጀምሯል። ሽታሁን «ከዚያ ከዋርካው ሥር ሲቆሙ ድልድዩ ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል» አለን። ወርደን ልንነካው ነበር ሐሳባችን። አባባ መንገዱን በሙሉ ስለ ድንጋዩ ነው ያወሩት፤ በየት በኩል ሻካራ፣ በየት በኩል የሰው እጅና የገመድ ፍትጊያ ያለሰለሰው እንደሆነ።

ከዋርካው ሥር አንድ ታጣቂ ተቀምጧል። ተነሥቶ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ከዚህ በታች አይወረድም።»

«ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይነ ስውር ናቸው» አለ ሽታሁን። «ድልድዩን ዳሰው ይመለሳሉ።»

«ትእዛዝ ነው። እኔን አታስጨንቁኝ።» ፊቱ ክፉ አልነበረም። አባባን አይቶ ዓይኑን ሰበረ። «እዚህ ተቀምጠው ይዩ። ተረኛው እስኪመጣ ምንም አልላችሁም።»

አባባን ከበቅሎ አወረድናቸው። አፋፉ ላይ ጋቢያቸውን አንጥፌ አስቀመጥኋቸው። ከሥር፣ ከሩቅ፣ የዓባይ ድምፅ ይመጣል። አባባ ወደ ድምፁ ዞሩ፤ ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«ደረስን» አሉ። «እስኪ ንገሪኝ፤ ምን ይታይሻል?»

ልነግራቸው እችል ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የነገሩኝን ድንጋይ በድንጋይ መልሼ ልደረድርላቸው እችል ነበር፤ ቅስቶቹን፣ የተሰበረውን አፍ፣ ጫፉ ላይ የበቀለውን ሣር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደስ ይላቸው ነበር።

«ምንም አይታየኝም አባባ» አልሁ። «ገደሉን ጉም ሞልቶታል፤ እስከ አፉ። ጨረቃዋ ማዶ ልትገባ ነው፤ ገርጥታለች። ድልድዩ ግን አይታይም።»

ሽታሁን በክርኑ ጎሰመኝ። ምን ነበረበት ማለቱ ነው።

አባባ እጄን ፈልገው ያዙ። ጨረቃዋ ገባች፤ ፀሐይ ከኋላችን ወጣች፤ ጉሙ ወርቅ መሰለ እንጂ አልተነሣም። እዚያ ከሥሩ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን የማደንቀው ነገር ቆሟል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም።

ከላይ የሰው ድምፅ ተሰማ። ታጣቂው ወደ መንገዱ አየና ወደ እኔ ዞረ። «በቃ እህቴ፣ ተረኛው መጣ። አንሷቸው።»

ሽታሁን በቅሎዋን አቀረበ። ክንዳቸውን ያዝሁ። አባባ ግን አልተነሡም።

«ትንሽ» አሉ ለታጣቂው፣ በልመና ድምፅ፤ አባቴ ሰው ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም። «ትንሽ ብቻ ታገሠን ልጄ። ጉሙ ይነሣ ይሆናል። እሷ እኮ አላየችውም።»